የድርቤ ቀጭን ባት

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የነቀምቴዋ የባዮሎጂ መምህርት ድርቤ ከባጃጅ ወድቃ እግሯ ሲሰበር የበዛባት ግን አንጮቴ ነው። ወለጋ ውስጥ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይህን ሥር ቀቅሎ ያላበላ ጎረቤት፣ ጎረቤት አይባልም። የሰፈሯ የቡርቃ ጃቶ ሴቶች፣ ጎረቤቷ ሎሚ ከፊት እየመራች፣ በየተራ ሳህን ይዘው መጡ። አጥንቱም ገጠመ።

ጄሶው ሲፈታ ግን ባቷ ከስቶ የሌላ ሰው እግር መሰለ። ሎሚ ደነገጠችና አንጮቴውን እጥፍ አደረገችው። ድርቤ ደግሞ የበሩን መቃን ይዛ በእግር ጣቶቿ ጫፍ መነሳትና መውረድ ጀመረች።

«ታኢ! ተቀመጪ እንጂ እህቴ!» አለቻት ሎሚ።

«አጥንቴን ጠግናችሁልኛል፣ ገለቶማ። ጡንቻ ግን ቁጭ ብለው ስለበሉ አይመለስም።»

ይህን ሁሉ የምትለፋው ለክፍሏ ነው። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ዳይሬክተሩ ኦቦ ጆቴ ለሌላ መምህር ሰጥቶት እሷን ታች ቤተ መጻሕፍት ሊያስቀምጣት አስቧል። በክፋት አይደለም፣ በርኅራኄ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል። የሚያዝንልህን ምን ትለዋለህ?

ትምህርት የተጀመረ ዕለት ድርቤ እግሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ሊደግፋት የመጣውን ሁሉ እየገፈተረች ደረጃውን ወጣች። ተማሪዎቿ ፊት ቆማ ከቦርሳዋ የተቀቀለ ሥጋ አውጥታ በጥፍሯ ስትከፍለው ክር ክር አለ።

«ጡንቻ ማለት ይህ ነው። ክሮቹ በጥቅል በጥቅል ታስረዋል፤ ጥቅሉን ስስ ሽፋን ይዞታል። በእያንዳንዱ ክር ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ክሮች አሉ። እነሱ አንዱ በሌላው መሃል ሲንሸራተቱ ጡንቻው ያጥርና አጥንቱን ይስባል።»

ይህን ስትል ኦቦ ጆቴ ወንበር ተሸክሞ ገባ።

«አዴ ድርቤ፣ ቢያንስ ቁጭ ብለው...»

ወንበሩን ተቀበለችው። ደህናውን እግሯን ጫነችበትና በቀጭኑ ቆመች። ሱሪዋን ስትጠቀልል ሁለቱም ባቶች ታዩ።

«ብዙ ክር ያለው የትኛው ነው?»

«ወፍራሙ!» አሉ ተማሪዎቹ።

«ተሳስታችኋል። ብዛታቸው ያው ነው። የቀጭኑ ክሮች አልሞቱም፤» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች፤ «ሥራ ስለነሳናቸው ነው የከሱት።»

ኦቦ ጆቴ አንገቱን ደፍቶ ወንበሩን ሊወስድ እጁን ዘረጋ።

«ይተዉት» አለችው እግሯን ከወንበሩ ሳታወርድ። «ነገም ክፍል አለኝ።»