ያልተቃጠለው ሲንቄ

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ወለጋ ውስጥ አኖ በምትባል ከተማ ባለ አንድ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ግቢ፣ የአንድ ጉባኤ ምእመናን እርስ በርስ ተደባደቡ። አሥራ አንድ ሰው ቆሰለ። ሁለቱ ነቀምቴ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ፓስተሩና አንዲት አዛውንት ሴት።

ያደግሁት በዚያ ጸሎት ቤት ነው። ያን ቀን ግን የሄድኩት እናቴን ለመጠየቅ እንጂ ለዘገባ አልነበረም። ያየሁትን እጽፋለሁ። ያላየሁትን ሦስት ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ጠቡ የተጀመረው ከሌላ ከተማ የመጣ ሰባኪ ስለ ፓስተሩ «ከሽማግሌው ሥር የቀረ በረከት አያገኝም» ካለ በኋላ ነው። ብዙ ወጣቶች ተከትለውት ወጡ። ፓስተሩ ሦስት ወር ሙሉ የወጡትን ቤት ለቤት ዞሩ። ስለ ጸሎት ቤቱ አያነሱም። የልጁ ትኩሳት ለቀቀው ወይ፣ በቆሎው ተሰበሰበ ወይ ብለው ይጠይቁና ይመለሳሉ። ሁሉንም የሚጠሩት «ኢጆሌ ኮ»፣ ልጆቼ፣ ብለው ነው።

ያን እሑድ የወጡት «አዳራሹን አባቶቻችን ናቸው የሠሩት» ብለው መጡ። የቀሩት በሩን ዘጉባቸው። መጀመሪያ ስድብ ነበር።

«ነቢያችሁ የት አለ? አውቶቡስ አመለጠው?»

«የእናንተ መንፈስ ጡረታ ወጥቷል!»

ቀጥሎ ድንጋይ መጣ። የአግዳሚ ወንበር እግር ተነቀለ። አንድ ዘማሪ ጥርሱን ከነደሙ ሲተፋ አየሁ። ባለፈው ዓመት አንዱ የሌላው ሚዜ የነበሩ ሁለት ሰዎች መሬት ላይ ተያይዘው ይናከሱ ነበር።

ፓስተሩ እጃቸውን ዘርግተው መሃል ገቡ። «ኢጆሌ ኮ! እኔን ምቱ!» አሉ። የወንበር እግር ግንባራቸው ላይ አረፈ። በጉልበታቸው ወደቁ።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት አዛውንት ሲንቄያቸውን ይዘው መጡ። ሲንቄ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ሴት ይዛው በተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆመች ማንም አልፎ አይማታም። ፓስተሩ ከዓመታት በፊት «የድሮ አምልኮ ነው» ብለው የጉባኤውን ሴቶች በትራቸውን አስቃጥለዋቸዋል። አዛውንቷም አቃጠልኩ ብለው ነበር።

በትሩን ከፍ አድርገው ቆሙ። የሸበቱት ወዲያው ድንጋያቸውን ጣሉ። ወጣቶቹ አልጣሉም።

«አሮጊቷ በዱላ ልትገርፈን ነው!» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ቀጥሎ የተወረወረው ድንጋይ የአዛውንቷን ትከሻ ሰበረው።

በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ፖሊስ ፓስተሩን አልጋቸው ላይ አነጋገራቸው።

«ሴትዮዋን ማን መታ?»

«ልጄ።»

«የወለዱት?»

«ያጠመቅሁት።»

«ስሙን ይንገሩኝ።»

«ልጄ አልኩህ እኮ።»

የወረወረውን እኔም አይቻለሁ። ፖሊሱ እኔን አልጠየቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ፓስተሩን ደግፌ ወደ ሴቶቹ ክፍል ወሰድኳቸው። በትሩ አልጋው ራስጌ ቆሟል። ወንድ አይነካውምና ከግቢው አንስታ ያመጣችው እናቴ ናት።

«አዮ፣ እናቴ፣ አቃጠልኩት ብለውኝ ነበር» አሉ ፓስተሩ።

«ዋሸሁህ፣ ልጄ። አቮካዶ አወርድበት ነበር።» አዛውንቷ ሲስቁ ትከሻቸው ጠዘጠዛቸውና በደህናው እጃቸው ደገፉት።

ፓስተሩ አልሳቁም። «ልጆቹ አላወቁትም። እንዳያውቁት ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አምጣቸው። አፌ አልተሰበረም።»

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጥየቃ ሰዓት፣ ከሆስፒታል የወጡት ፓስተሩ ግንባራቸው በፋሻ እንደታሰረ ሰባት ወጣቶች አስከትለው ወደ ሴቶቹ ክፍል ገቡ። አምስቱ ከወጡት፣ ሁለቱ ከቀሩት ናቸው። አዛውንቷ በትሩን በደህናው እጃቸው አንስተው ብርድ ልብሱ ላይ አጋደሙት።

«ማን ነው የወረወረው?» አሉ።

ፓስተሩ መሬት መሬት ያያሉ። በሩ አጠገብ የቆመው ልጅ እጁን አወጣ። እሑድ ሲወረውር ያየሁት እሱን ነው።