በግጥም የለመንኩት ቆርቆሮ

የቀናሁበት ሰው ባጃጅ ነጂ ነው። ግጥም አይጽፍም። አንብብ ቢሉት እንኳ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ፊደል በፊደል ነው የሚሄደው። አፉን የፈታው በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገር ሴቱ ወንድ፣ ወንዱ ሴት ይሆንበታል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ከአማርኛዬ ሌላ የምመካበት ነገር አልነበረኝም። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ገጣሚ ያደረግኩ ሰው ነኝ። በአንድ ባጃጅ ነጂ እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የምንኖረው ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ጡረታ በወጡ አንድ መምህር ቤት እንሰበሰባለን። የቤት ኅብረት እንለዋለን። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ሆነን እንዘምራለን፣ ቃል እናነባለን፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል። መምህሩን "ጋሼ" እንላቸዋለን፤ ስናናግራቸውም "እርስዎ" ነው። ከእኛ መሐል "አንተ" የሚላቸው እሱ ብቻ ነበር። "እርስዎ" ማለት አይሆንለትም፤ ምላሱ ላይ ይጠፋበታል።

"ጋሼ፣ አንተ ስማኝ" አለ አንድ ረቡዕ፣ የጸሎት ርዕስ ሰዓት ሲደርስ። "ሚስቴ ወለደ።"

"ወለደች በል!" አለችው አንዷ እህት እየሳቀች።

"እሺ፣ ወለደች።"

"ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ ናት።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በዚያው ፊቱ፣ ሳያቅማማ ቀጠለ። "የሚስቴ እናት ሩቅ አገር ናት። ገንፎ የሚያገነፋ ሰው ቤት ውስጥ የለም። እኔ ሞከርኩ፤ አረረ። እርዱኝ።"

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመረም። ተሳፋሪ "ወራጅ አለ" እንደሚለው ነው ያወጣው። በማግስቱ ሦስት እህቶች ደጁ ላይ ነበሩ፤ አንዷ ቅቤ ይዛ፣ አንዷ ዱቄት፣ አንዷ እጇን ብቻ። ሚስቱ ከአልጋ እስክትነሳ ድረስ ተፈራረቁላት። በሚቀጥለው ረቡዕ እያንዳንዷ ስለዚያ ሕፃን የምታወራው ነበራት፤ የልጁ አባት ደግሞ መሐላቸው ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ያዳምጣል፣ እንደ ቤቱ ልጅ።

የቀናሁት በገንፎው አልነበረም። "እርዱኝ" ባለው አፉ ነው።

ምክንያቱም እኔም የምለምነው ነበረኝ። አባቴ ሳይሞት የሠራት ቤታችን ጣሪያዋ አርጅቶ ነበር። ከጓሯችን ባለው ዋርካ ላይ የሚያድሩት አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ቀን ቀን ከሐይቁ ዳር የዓሣ ትርፍራፊ ሲለቅሙ ውለው ይመጡና ቤታችን ላይ ይቆማሉ። ክብደታቸው ቆርቆሮውን አጉብጦታል፤ ኩሳቸው በልቶታል። ዝናብ ሲጥል እናቴ አልጋዋን ወደ ግድግዳው ትገፋለች፣ ሳህንና ድስት ትደረድራለች። ደረቷ ደግሞ ታማሚ ነው፤ እርጥበት ጠላቷ ነው። ገጠር ያለው አጎቴ ቁርጡን ነግሮናል፤ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ካልተሠራ መጥቶ ይወስዳታል።

"ከዚህ ቤት የምወጣው አራት ሰው ተሸክሞኝ ነው" ትላለች እናቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ንገራቸው እንጂ ልጄ። ወንድሞችህና እህቶችህ አይደሉም? አትስረቅ፣ አትዋሽ እንጂ መለመን ኃጢአት ነው ያለህ ማን ነው?"

"እነግራቸዋለሁ" እላለሁ። ረቡዕ ይመጣል፣ "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ይባላል፣ "ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን" እላለሁ።

የሚያስቀው የእንጀራዬ ነገር ነው። እዚሁ ከተማችን ፒያሳ፣ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ልመና ስጽፍ ነው የምውለው። "ጉዳዩ፦ ድጋፍ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ" ብዬ ከሥሩ አሰምርበታለሁ። ባለጉዳዩ ታሪኩን ከአያቱ ሲጀምርልኝ "አባባ፣ የሚፈልጉትን ብቻ ይንገሩኝ" እላለሁ። ሦስት መስመር ይበቃል። የሌላ ሰው ችግር ሲሆን ወዲያው እጨርሰዋለሁ።

የራሴን ግን በሦስት መስመር ማውጣት አቃተኝ። ኅብረታችን ውስጥ ሰዎች የሚያውቁኝ በበዓል በበዓል ቆሜ ግጥም ሳነብ ነው፤ "ቆርቆሮ የለኝም" ብዬ መቆም ከዚያ ከፍታ መውረድ መሰለኝ። ስለዚህ ተበላሽቶ በወጣ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ በምሳ ሰዓት ጻፍኩት። ሰሙን ለክብሬ፣ ወርቁን ለእናቴ አደረግኩት። ረቡዕ ቆሜ አነበብኩ፦

በላዬ ተከፍቶ ሰማዩ በሌሊት፣
ዝናብህ ወረደ እስከ መኝታዬ ቤት፤
ሳህኔ ሞላልኝ፣ ድስቴም ተረፈልኝ፣
ብቻዬን አልችለው፣ ወገኔን ላክልኝ።

ዐይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። አሁን አንዱ "ቤታችሁ ያፈሳል እንዴ?" ይለኛል ብዬ።

"ሃሌሉያ!" አለች አንዷ እህት።

"አያችሁ!" አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። "ሰማይ የተከፈተለት ሰው! በረከቱ ከመብዛቱ የተነሳ ለብቻዬ አልችለውም፣ ወገኔ ይምጣና ይካፈል እያለ ነው። የበረከት ዝናብ ነው ይሄ!"

"አሜን!" አለ ባለባጃጁ ከሁሉ ጮክ ብሎ። "ለእኔም ይዝነብ!"

ማረም ነበረብኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ እንደተረዱት አይደለም፤ እውነተኛ ዝናብ ነው፣ እውነተኛ ድስት ነው" ማለት ነበረብኝ። ግን ጋሼ ትከሻዬን ይዘው እሑድ ለጉባኤው እንዳነበው ጠየቁኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እሑድ ከመዘምራኑ ፊት ቆሜ አነበብኩት። ሰዎች እንባቸውን ጠረጉ። ማክሰኞ ዘነበ፤ የእናቴ ፍራሽ በአንድ ጎኑ ራሰ። ረቡዕ ጠዋት አጎቴ ደወለ። የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ እንደሚመጣ፣ ልብሷን እንድታዘጋጅ ነገራት። ከዚያ በኋላ የነበረን ቀን በጣት ይቆጠር ነበር። ያን ዕለት ወደ ኅብረቱ አልሄድኩም። አሜን ባሉት ሁሉ ተናድጄ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ባለው።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ ሱቃችን ውስጥ ሲያወራ ሰማሁ። ሐይቅ ዳር ሆቴል ያላቸው ሰው የመናፈሻቸውን ዳሶች ሊያድሱ ነው፤ የሚነሳውን ቆርቆሮ፣ ገና ደህና የሆነውን፣ ደብዳቤ ይዞ ለመጣ ቤተ ክርስቲያን በነጻ ይሰጣሉ። የቤተ ክርስቲያናችንን ደብዳቤዎች የምጽፈው እኔ ነኝ። አርማው ያለበት ገጽ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ።

ለሁለት ቀን አልነካሁትም። ቅዳሜ ከሰዓት አሠሪዬ ስትወጣ ጻፍኩት። "ቤተ ክርስቲያናችን የጀመረችውን የግንባታ ሥራ ለማጠናቀቅ…" በደንብ ሄደልኝ። ለእናቴ ሦስት መስመር ያጣሁት ሰው ለውሸቱ አንድ ገጽ አላነሰኝም። ማኅተም ቢጠይቁኝ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ ከማሽኑ እንደወጣ በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ።

እሱ ነው። የልጁን የክትባት ካርድ ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ።

"ረቡዕ ጠፋህ። አሞህ ነው?" አለኝ። ሳልመልስለት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየና፣ አርማውን ሲያውቀው ደስ ብሎት ጣቱን ከመስመሩ ሥር አደረገ። "ቤተ… ክርስቲያናችን… የግንባታ…" ማንበቡ ዘገየ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የዘገየ ንባብ ሰምቼ አላውቅም። "ቆርቆሮ። ለማን ነው?"

"ለቤተ ክርስቲያን።"

"ቤተ ክርስቲያን አያፈስም" አለ። "እኔ አንድ እሑድ ዝናብ ሲጥል እዚያ ነበርኩ። የማን ቤት ነው የሚያፈሰው?"

ወረቀቱን ገለበጥኩት። እሱ ጠበቀኝ፤ መንገደኛ ዕቃውን እስኪጭን እንደሚጠብቅ።

"የእናቴ" አልኩ።

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ተናግሬያለሁ እኮ! በግጥም።"

"የቱ? ያ… የበረከት ዝናብ?"

መጀመሪያ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ጠረጴዛውን ይዞ እስኪያጎነብስ ሳቀ። "እኔ ደግሞ 'ለእኔም ይዝነብ' አልኩ!" አለ እንባውን እየጠረገ። "ወንድሜ፣ ቤቴን አስረገምከኝ እኮ!" ሳልወድ እኔም ሳቅኩ። ሳቁን ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። አልሰበከኝም። "የእኔ አማርኛ ትንሽ ናት" አለ፤ "ያንተ ደግሞ በዛ።" ኮፒውን ተቀብሎ ወጣ።

ደብዳቤውን ቀደድኩት፤ ከኮምፒውተሩም አጠፋሁት። እሱ ስለዚያ ወረቀት እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ ብሆን እናገር ነበር። በዚህም ቀናሁበት።

ረቡዕ ሄድኩ። "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ሲባል ተነሳሁ። "ጋሼ፣ የእናቴ ቤት ያፈሳል" አልኩ። "እስከ እሑድ ካልተጠገነ አጎቴ መጥቶ ይወስዳታል። ቆርቆሮና ሰው እፈልጋለሁ። ግጥሙም እሱ ነበር።"

ጋሼ ቀስ ብለው "ድስቱ… እውነተኛ ድስት ነበር?" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እኛ ደግሞ ጉባኤ ፊት አቁመን አስጨበጨብንልህ!" ጭንቅላታቸውን ያዙ። የሳቀም ነበር፣ ያፈረም ነበር። ሐይቅ ዳር ስላለው ቆርቆሮ ነገርኳቸው። ጋሼ እዚያው ብዕር አስይዘውኝ አጻፉኝ፦ "በጸሎት ኅብረታችን ያለች አንዲት እናት ቤቷ ያፈሳል። ቆርቆሮ ብትሰጡን እኛ እንሠራላታለን።" ላሳምረው ስል "ተወው፣ እንዲያው ይሂድ" አሉኝ። ስማቸውን ጽፈው ፈረሙበት።

ባለ ሆቴሉ ሰጡ። ቆርቆሮው ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቀይ የተቀባ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አምስት ወንድሞች መሰላልና መዶሻ ይዘው መጡ። ባለባጃጁ ጣሪያው ላይ ቀድሞ ወጣ፤ አባ ኮዳዎቹን በሲዳምኛ እየተሳደበ አባረራቸው። ቀኑን ሙሉ ከላይ ሆኖ እናቴን ይጣራል።

"እማማ! አንቺ! አልጋሽን የት ላድርግልሽ? እዚህ ጋ በጭራሽ አያፈስም!"

እናቴ ጓሮ ተቀምጣ እንደ ልጅ ትስቃለች። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እኔ ምስማር አቀብላለሁ።

"ይህ ልጅ አንቺ ሲለኝ የወለድኩት ይመስለኛል" አለችኝ ዝቅ ብላ።

"ለታላቅ 'አንቺ' አይባልም" አልኳት።

"ውይ! አንተ ጌታን ስትለምነው 'እርስዎ' ነው እንዴ የምትለው?"

"ምስማር!" አለ ከላይ፤ አቀበልኩት።

አጎቴ እሑድ መጣ። ከታች ሆኖ ጣሪያውን ትክ ብሎ አየ፤ አረንጓዴና ቀይ ዝንጉርጉር ነው፣ እንደ ገበያ ሸራ። "ያማረ ነገር አይደለም" አለ።

"አያፈስም" አለችው እናቴ።

እሱ ገና ሳይሄድ ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ከባድ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር እስኪያቅተን ድረስ። ሦስታችንም አንገታችንን አቅንተን ጣሪያውን ስናይ ቆየን። አንድ ጠብታ አልወረደም። አጎቴ ባዶውን ሳህን ከወለሉ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ለመሄድ ሲነሳ የእናቴን የልብስ ሻንጣ አላነሳውም።

ዝናቡ ቀለል ሲል እናቴ ለጸሎት ዐይኗን ጨፈነች። ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠርታ ባረከች። መጀመሪያ ባለባጃጁን፣ ሚስቱን፣ ሕፃኑን። ከዚያ ጋሼን። ከዚያ ባለ ሆቴሉን፣ አይታቸው እንኳ የማታውቃቸውን። እኔ ከመዶሻ ያዦቹ ሁሉ ኋላ መጣሁ። ተራዬን ስጠብቅ ነበርና አውቃለሁ።

"አሜን" አለ አጎቴ።

እኔም አልኩ፤ ትንሽ ዘግይቼ።