በቅቤ ውስጥ ተሸሽጎ የወረደው ጠገራ

የልጅ ልጆቼ «አያታችንን ያስፈታሽበትን መንገድ ንገሪን» ካሉኝ ሰነበቱ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናገራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ።

በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ አንጁሎ ለወንድሙ ሙሽራ ማጫ ብሎ አንድ ጠገራ ብር ሰጠ። የልጅቱ ወገኖች ድንጋይ ላይ ጣሉት፤ እንደ ሌላው ጠገራ አልጮኸም። ደግሞ ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ አፍንጫዋ ድርብ ነው። «ይሄ ቤት ውስጥ የተሠራ ነው» ብለው ከሰሱ። የገበሬ ማኅበሩም አንጁሎን እህል መጋዘን ውስጥ ቆለፈበት።

ሊቀመንበሩ የአንጁሎ የአክስት ልጅ ስለሆነ ብሩን አስጨበጠኝ። «ብር የሚያውቅ ሰው ከአርባ ምንጭ አምጪ። እውነተኛ ነው ካለ እፈታዋለሁ። ካልሆነ አውራጃ ይወስዱታል፣ ከዚያ ወዲያ እኔን አትጠይቂኝ» አለኝ። ወረቀት ስጠኝ ብለው እምቢ አለ። እሱም ፈርቷል።

ከኦቾሎ ወደ ላንቴ

ከመውጣቴ በፊት ብሩን በአመድና በእንሰት ቃጫ ፈትጌ አብለጨለጭኩት። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ነገር ታጥቦ ነው የሚቀርበው። ከዚያ ኬላ ላይ እንዳይወስዱብኝ ቅቤ ውስጥ ቀብሬ በእንሰት ቅጠል ጠቀለልኩት።

የአገራችን የኦቾሎ ቁልቁለት በጤዛ ያንሸራትታል። አባያ ሐይቅ ከታች ቀላ ብሎ ይታያል። መንገድ የምወድ ሰው ነኝ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ አየዋለሁ። ያን ቀን ግን እግሬ ብቻ ነው የሄደው፤ ልቤ መጋዘኑ በር ላይ ቀርቷል። ላንቴ ስደርስ ሃምሳ ሳንቲም ከፍዬ ሙዝ የጫነ መኪና ላይ ወጣሁ።

ኬላው

አርባ ምንጭ መግቢያ ላይ አንድ ሚሊሻ አስወረደን። የሾለ ሽቦ ይዞ ጆንያውን ሁሉ ይወጋል።

«አንቺ እናት፣ ይሄ ቅቤ ስንት ሙዝ በልቷል?» ቅቤን በሙዝ የሚያበዙ አሉና ሰው ሳቀ።

«ንጹሕ ነው ልጄ።»

ወጋው። ግጭ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ሚዛን እንዲደፋልኝ ብዬ ነው፣ ማረኝ።»

«አይ ሌባ! ሙዙ ይሻልሽ ነበር!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ዐይኑ ግን ቅቤው ላይ ቆየ። «ሂጂ፣ ከገዢሽ ጋር ተጣይ።»

እስከ ሲቀላ ገበያ ድረስ ወደ ኋላዬ አላየሁም።

ከድር ሱቅ

ከድር ከስልጤ አገር የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ጠገራ ያጠራጠረው ሰው ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ብሩን ከቅቤው ጠረገና ፊቱን አጨማደደ።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ውይ እህቴ! የብር ዕድሜ የሚታየው በጥቁረቱ ነው እኮ። ቆዳውን ላጥሽው!»

ድርቡን አፍንጫ ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። የሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጥፍሩ ዳሰሰ። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ሲከተል አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ባልሽ ልጆች አሉት?»

«ሦስት።»

«ነገ አብሬሽ እወጣለሁ» አለኝ። እውነተኛ ነው አላለም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

ወደ ቤት

በማግስቱ ከድር ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። ሊቀመንበሩና የልጅቱ ወገኖች ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ሜዳ ላይ ጠበቁን።

«ማተሚያው ሲመታው ተንሸራቷል» አለ ከድር። «ሁለቴ ነው የተመታው። አፍንጫዋ የተደረበውም፣ ድምፁ የታፈነውም ለዚህ ነው።»

«እስቲ ማል!» አለው የልጅቱ አባት።

«እኔ ነጋዴ ነኝ፣ በምላሴ አልምልም። እንካ የእኔን ውሰድ፣ ያንን እኔ ልያዘው።» ከኪሱ ሌላ ጠገራ አውጥቶ ድንጋዩ ላይ ወረወረው። ጥርት ብሎ ጮኸ።

ሰውየው አነሳና ኪሱ ከተተው። ሊቀመንበሩ ቁልፉን ይዞ ወደ መጋዘኑ ሄደ። አንጁሎ ሲወጣ ዐይኑ ብርሃን አልቻለም፤ እጁን ይዤ ቤቱ አስገባሁት።

ያ መንገድ ያስተማረኝ ከነፍርሃት መሄድ እንደሚቻል ነው። ፍርሃቴ እስኪለቀኝ ብጠብቅ ኖሮ ባሌን አላገኘውም ነበር።

ደርግ ከወደቀ ብዙ ዓመት ቆይቶ ከድር ሞተ። ለቅሶ ልደርስ ሲቀላ ወረድኩ። ሴት ልጁ አጠገቤ ተቀምጣ «ያ የእናንተ ብር እኮ ላዩን ብቻ ነው ብር፣ ውስጡ መዳብ ነበር» አለችኝ። «አባዬ ገና ሱቁ ውስጥ ጠርዙን ሲዳስስ አውቆታል።»