ሰንጋ መራጩ መምህር

ተበላ ከተማ ውስጥ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ የሚታረደውን ሰንጋ ጀርባውን ዳሰስ አድርጎ በመምረጥ የታወቀው የሒሳብ መምህር ኤርሳዶ፣ ተማሪዎቹን ፕሮግራሚንግ የሚያስተምርበትን ሶፍትዌር መምረጥ አቅቶት ወሩ አለቀ። ሶዶ ወጥቶ ሦስት ባለሙያ ጠየቀ። አንዱ በዊንዶውስ፣ አንዱ በሊኑክስ፣ ሌላው በማክ ኮምፒውተር ላይ እሱ የሚሠራበትን ሶፍትዌር እያወደሰ የሌላውን አጣጣለ። ኤርሳዶ ጭራሽ የሚያውቀውም ጠፋበት። ቤት ገብቶ ያንኑ ሲያወራ ሚስቱ አባይነሽ መረራት።

«ሰንጋ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስንት ቤት እንደሚካፈለው አይደል? ልጆቹ የሚማሩበት ኮምፒውተርስ የትኛው ነው?»

ኤርሳዶ ኮምፒውተሮቹን አንድም ቀን አላያቸውም። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ግን ወሩን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ነበር።