ገጹ እስኪዞር

ታናሽ እኅቴ አልማዝ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ላስ ቬጋስ ትገባለች። እዚሁ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር በሚገኘው የልጄ ቤት ተቀምጠን ሳለ የልጅ ልጄ ሃና ስልኳን ትነካካ ነበር።

«አባባ፣ ፍላይቷን ቼክ አደረግሁ፤ አሁን ግን ጠፋብኝ» አለች።

ይህ ቃል ለማንም ወዳልተናገርኩት አንድ ቀን መለሰኝ።

በእንግሊዝ አገር የታሪክ ተማሪ ነበርኩ። ጊዜው ዝናብ የማያባራበት፣ መንገዱ በረጠበ ቅጠል የሚያዳልጥበት ነበር። በዚያ ቀን አልማዝ ቋንቋውን ሳታውቅ ብቻዋን ልትመጣ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚቀበላት የለም። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የተከራየነው ቤት ስልክ ባይኖረውም ቴሌቪዥኑ ከተራው ሥርጭት ጋር ጽሑፍ ይቀበላል። በመቆጣጠሪያው ላይ የገጽ ቁጥር ሲነኩ ዜናው፣ የአየር ጠባዩ፣ የአውሮፕላኖች መድረሻ ሰዓት በጥቁር መደብ ላይ በደማቅ ፊደል ይወጣል።

ቁጥሩን ነካሁ። ከላይ ያሉት አሃዞች ሲሽከረከሩ ቆይተው የአልማዝ በረራ መጣ። ካፖርቴን ለብሼ ቀና ስል የለም፤ በምትኩ የማላውቃቸው ከተሞች ተደርድረዋል። ተሰረዘ ይሆን? ወይስ የከፋ ነገር ደረሰ? ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። እፎይ ብዬ ወደ በሩ ስራመድ እንደገና ጠፋ። ቁጥሩን ደግሜ ለመንካት አልደፈርኩም። በእኛ አገር ሹምን ደጋግሞ የጠየቀ ባለጉዳይ ወረቀቱ ከክምሩ ሥር እንደሚገባ እያየሁ አድጌአለሁ። ከቴሌቪዥኑ ሣጥን ወዲያ ሐሳቡን የሚለዋውጥ ሹም ያለ መስሎኝ፣ እጄን አጣምሬ ደጅ ጠናሁ።

የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የነበረው የቤት ጓደኛዬ ጌታሁን ትኩስ ዳቦ ታቅፎ ገባ።

«አንተ! ካፖርት ለብሰህ ለቴሌቪዥን ትሰግዳለህ እንዴ?»

«አንዴ ትመጣለች ይላል፤ አንዴ ደግሞ ይሰርዛታል።»

ሳቁ ዳቦውን ሊያስጥለው ደረሰ። «ማንም አልሰረዛትም! ገጹ እንደ መጽሐፍ ባለ ብዙ ቅጠል ነው፤ በየተራ ይዞራል። አንተን የሚሰማ ሰውም የለም። ጽሑፉ በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ባለው ክፍተት ሳያቋርጥ ይላካል፤ ሣጥኑ የፈለግኸው ሲያልፍ ጠብቆ ይቀልባል። ሂድ እንጂ፣ አንተ ባለጉዳይ!»

አውሮፕላን ማረፊያው ስደርስ አዳራሹ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። አልማዝ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ከአንድ ሽማግሌ ጠራጊ ጋር ዳቦ ቆሎ ትበላለች።

«ጋሼ፣ ከቀረህ ብዬ ዘመድ አበጀሁ» አለችኝ። ዓይኖቿ ግን ቀልተው ነበር። ለምን እንደዘገየሁ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ምን ብዬስ እነግራታለሁ? በመምጣቷና በመቅረቷ መካከል ስዋልል የቆየሁበት ያ ሰዓት ምን እንደነበረ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም።

«አባባ፣ ተመለሰ! ኦን ታይም ነው» አለች ሃና።

ኮቴን አንሥቼ ወደ በሩ አመራሁ።

«ገና እኮ ነው! ሦስት ሰዓት ይቀራታል።»

«ዐውቃለሁ ልጄ» አልኳት፤ «የዛሬውን እዚያው ሆኜ ልጠብቅ።»