ሰው ያልተሰፋበት ፈረስ

የልጅ ልጄ ልጅ ባለፈው ዓርብ ከትምህርት ቤት ይዛ በመጣችው ፌስታል ውስጥ ቀይ፣ ቡናማና ነጭ የሱፍ ጨርቅ፣ አንድ ጥቅል ክርና ጫፏ የደነዘ መርፌ ነበረ። መምህሯ «ከቤተሰብ ጋር ሆናችሁ አንድ የእንስሳ አሻንጉሊት ሰፍታችሁ አምጡ» ብላቸዋለች። እናቷ ሥራ ይበዛባታል። አባቷ ደግሞ መርፌ ባየ ቁጥር ቁልፍ ትከል እንዳይባል ጫማውን አድርጎ ይወጣል። ስለዚህ ፌስታሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጭን ላይ አረፈ።

«ምን እንስፋ?» አልኳት።

«ፈረስ! ጀርባው ላይ እንዲህ የሚጣል ልብስ ያለው» አለችና ቡናማውን ቁራጭ በጣቶቿ ላይ በግራና በቀኝ አንጠልጥላ አሳየችኝ።

ጨርቁን ከጣቶቿ ላይ አነሣሁት። ፈረሱ ይቅርና በግ እንስፋ አልኳት፤ አልሰማችኝም። እናቷ ከጓዳ ሆና ሳቀች። «እማማ ደግሞ! የጨርቅ ፈረስ ይፈራል?» አለች። ይፈራል። እኔ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ለልጆች አሻንጉሊት ስሰፋ ፈረስ ሰፍቼ አላውቅም፤ ለምን እንደሆነም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ለአቅመ ሔዋን ልደርስ ምንም ያልቀረኝ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ታናሽ እህቷን እንዳግዝ ከገሳይ በላይ፣ ከጉና ተራራ ሥር ወዳለው ቤቷ ሰደደችኝ። አክስቴ ብርቄ ብቻዋን ነበረች። ባሏ ደምሌ ጣልያን በገባ ማግሥት ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። አንድ ልጃቸው ይርጋ ገና የወተት ጥርሱ ያልወለቀ፣ ጠያቂና ተከራካሪ ልጅ ነው። እንደሱ ያለ አፈኛ ልጅ ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ጉና ብርዱ ሰው አይመርጥም። በጥቅምት ጠዋት በር ስንከፍት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይጠብቀናል። ድንች ቀቅለን ትኩሱን በእጃችን እያገላበጥን እንሞቀዋለን፤ ከዚያ በኋላ ነው የምንበላው። በዚያ አገር ያለ በግ ጠጉር መኖር አይቻልም። ሴቶቹ ጠጉሩን ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ይሠራዋል። ከሸማኔ የመጣው ጨርቅ ግን ገና ስስ ነው፤ ዝናብ ያሳልፋል። ስለዚህ በትልቅ ገበቴ ተደርጎ ፍል ውሃ እየፈሰሰበት፣ ሴቶች ተያይዘው እየዘፈኑ በእግራቸው ይረግጡታል። ሲረገጥ ይጠባል፣ ይወፍራል፣ ክሩ ከክሩ ይጣበቃል። ወንዶች የሚደርቡት በርኖስ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። እንዲህ የተረገጠ ጨርቅ በፈለጉት በኩል ቢቆርጡት አይተረተርም።

እኔ የምወደው ከበርኖሱ ጠርዝ ተቆርጦ የሚወድቀውን ቁራጭ ነበር። ለቅሜ አስቀምጥና ለይርጋ እሰፋለታለሁ። ሆዱን ብጥስጣሽ ጠጉር እጠቀጥቅበታለሁ፣ ዓይኑን ከአሮጌ ጥለት በመዘዝኩት ክር እጠልፋለሁ። በግ ሰፋሁለት፣ ውሻ ሰፋሁለት። ደረቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የለጠፍኩበት ጭላዳ ዝንጀሮ ሰፍቼለት ይርጋ በመንደሩ አለቃ በጭቃ ሹሙ ስም ሲጠራው አክስቴ አፉን በመዳፏ ያዘችው። «ፈረስ ስፊልኝ፣ እንደ አባቴ ፈረስ» ብሎ አስቸገረኝ። የአባቱን ፈረስ ሶላቶዎቹ፣ የጣልያን ወታደሮች፣ ከወሰዱት ቆይተዋል።

በዚያው ሰሞን ከደብረ ታቦር ገበያ የተመለሱ ሰዎች ክፉ ወሬ ይዘው መጡ። ዱር የገቡት ሰዎች እጃቸውን እስኪሰጡ ሚስትና ልጆቻቸው ምሽግ ገብተው ይታሰራሉ ተባለ። ከጎረቤት መንደር የተወሰደች አንዲት አራስ ነበረች፤ ተመልሳ አልመጣችም። አክስቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ይርጋን ወደ ጓዳ ትስበዋለች። ደምሌ ያንን ቢሰማ እጁን እንደሚሰጥ ታውቃለች፤ እጁን ከሰጠ ደግሞ እንደሚሰቅሉት ታውቃለች።

ፈረሱን ሰፍቼ የጨረስኩት ገብስ በሚታጨድበት ወቅት ነው። ፈረሰኛ ልጨምርበት አስቤ ነበር፤ የሚበቃ ቁራጭ ግን አልነበረኝም። የቀረችኝ አክስቴ የደምሌን በርኖስ ስታሰፋ ከጠርዙ የተረፈች አንዲት ጥቁር ቅዳጅ ብቻ ናት። እሷንም ይርጋ ከእጄ ነጥቆ ፈረሱ ጀርባ ላይ ጣላት። አንገቱን በገመድ አሰረና እያዘገመ በግቢው ይመራው ጀመር።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል። ኮርቻው ላይ የሟቹ በርኖስ ይጣልበታል። ሰው ያልተቀመጠበትን ፈረስ በሐዘንተኛው መሀል እየመሩት ሲዞሩ፣ ድንጋይ ልብ ያለው ሰው እንኳ አይችለውም። በዚያ ዘመን ለቅሶ ብዙ ነው፤ ልጅም ያየውን ነው የሚጫወተው። ይርጋ ፈረሱን እየመራ፣ ትንሽ ደረቱን እየደቃ፣ «ወየው አባቴ! ወየው አባቴ!» ይላል።

አክስቴ እንስራዋን እንዳዘለች ከምንጭ ገባች። አየችው። እንስራዋን እንዴት እንዳወረደች አላውቅም፤ ልጁን በጥፊ ብላ ፈረሱን ነጠቀችው።

«ምን ያለው ሟርት ነው! በሕይወት ያለ አባትህን ልትገድል ነው?»

ይርጋ አሁን የምሩን አለቀሰ። ያን ጊዜ ነው ጭቃ ሹማችን አያ ንጉሤ ከሁለት ባንዳዎች ጋር በአጥሩ በር ብቅ ያለው። አንዱ ባንዳ ገመድ ይዟል። ለምን እንደመጡ የሚነግረን አላስፈለገንም።

አያ ንጉሤ ግን ቆመ። ልጁ «አባቴን» እያለ ያነባል። አክስቴ በርኖስ የተጣለበት ፈረስ በእጇ ይዛለች። ሰውየው ቅዳጇን አየ፣ ፈረሱን አየ፣ ቆቡን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ብርቄ» አለ። «መርዶ ደርሶሽ ነው እንዴ?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። ያንን አስተያየቷን እስከ መቃብሬ አልረሳውም፤ ፈቃድ የምትጠይቅ ትመስል ነበር፣ ያውም እኔን። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለችና ደረቷን ደቃች። «ደምሌ! ደምሌ ጌታዬ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ከማዶ ያሉትን አጫጆች ማጭዳቸውን አስጥሎ አመጣቸው።

ባንዳው ወደ እሷ ሲራመድ አያ ንጉሤ በክንዱ አገደው። «ከሐዘን ቤት ሰው አይጎተትም። ሰውየው ከሞተ ደግሞ ማንን ከዱር ልታስወጡ ነው?» አለው። ሄዱ። አያ ንጉሤ አምኖ ይሁን አይቶ እንዳላየ ሆኖ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መንደሩ ተነሥቶ መጣ። አክስቴ ጠጉሯን ተላጨች። ጎረቤት በየተራው ንፍሮና እንጀራ አመጣ፤ በሕይወት ላለ ሰው የመጣ የለቅሶ እህል እኔም በላሁ። የነፍስ አባቷ መምሬ ጥሩነህ ሲመጡ እግራቸው ላይ ወድቃ እውነቱን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ክንዷን ይዘው አነሷት።

«ለሕያው ፍትሐት አይፈታም፣ ልጄ» አሏት። «እኔ ጥግ ይዤ ዳዊቴን እደግማለሁ። ለማን እንደደገምኩ እግዜር ያውቃል።»

ከሁሉም የከበደኝ የይርጋ ነገር ነው። የልጅ አፍ አይያዝም፤ እውነቱን ልንነግረው አልቻልንም። ሰው ሁሉ አቅፎት «አባትህን ነፍስ ይማር» ሲለው አመነ። ያ አፈኛ ልጅ ዝም አለ። ጭላዳውንም በጉንም ትቶ ያንን ፈረስ ብቻ ታቅፎ ይተኛል። አክስቴ ቅዳጇን ከፈረሱ ላይ ልታነሳ እጇን ትዘረጋና ትተወዋለች። ጭቃ ሹሙ ተመልሶ ቢመጣ ሐዘኑ እንዳለ ማየት አለበት።

ከጥምቀት በኋላ ይሆናል፣ ደምሌ ለቅሶውን ሰምቶ በአጎቱ ልጅ በኩል ላከብንና፣ ለማገዶ የአስታ ጭራሮ የምንለቅም መስለን እኔና አክስቴ ወደ ጉና ወጣን። ደምሌ ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ አለ። ጢሙ አድጓል፣ በርኖሱ ላይ ጭቃ ደርቋል፣ ግን ይስቃል።

«ደኅና ሙሾ አወረዳችሁልኝ ወይ? ማን አማረበት?»

«አንቱ ይስቃሉ» አለች አክስቴ፣ የተላጨ ራሷን በነጠላዋ እየሸፈነች። «ያለቀስኩት እኔ ነኝ።»

የያዝንለትን የገብስ ቂጣ ቆሞ እየበላ የፈረሱን ነገር አስነገረኝ። ሲሰማ ደስ አለው። «ሰው የሌለበት ፈረስ ምን ያደርጋል? ሰው ስፊበት እንጂ» አለኝ። «ታዲያ ቀጭን አድርገሽ እንዳታዋርጂኝ!» እሺ አልኩት። ከዚያ ልጁን ከሩቅም ቢሆን እንድታሳየው አክስቴን ለመናት። አይሆንም አለችው። ካየዎት ይናገራል፣ ከተናገረ ሁላችንም አለቅን አለችው። ደምሌ ሳቁን ተወ። የተረፈውን ቂጣ ወደ ደረቱ ከተተና ወደ ላይ ወጣ።

ፈረሰኛውን ግን አክስቴ አላሰፋችኝም። «ሰው ከተቀመጠበት ያውቁብናል፤ ሲመለስ ትሰፊዋለሽ» አለችኝ።

ክረምት ገባ። አንድ ዝናባማ ጠዋት የመንደሩ ሴቶች ቤታችን ተሰብስበው በርኖስ ይረግጣሉ። ፍል ውሃው ይተናል፣ ዘፈኑ ደርቷል። የደምሌ አጎት ልጅ ጠጉር የሚሸጥ መስሎ በር ላይ ቆመና አክስቴን ጠራት። እኔ እንጨት ላስገባ በሩ ጋ ነበርኩ፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። «ትናንት ከገደሉ አፋፍ ላይ መቱት። እዚያው አፈር አልብሰነዋል፣ ከነበርኖሱ።»

አክስቴ ለአንድ ጊዜ የሞተ ሰው ሁለተኛ ማልቀስ አትችልም ነበር። ብታለቅስ የመጀመሪያው ውሸት እንደነበረ ይታወቅና ቤቱ ይቃጠላል፣ ልጁም ይወሰዳል። ተመለሰች። ቀሚሷን ሰብስባ ገበቴው ውስጥ ገባች። የሴቶቹን እጅ ያዘችና ዘፈኑን ከደረሰበት ተቀበለች።

«ፊትሽን ውሃው ለበለበሽ እንዴ?» አለቻት አንዷ።

«እንፋሎቱ ነው» አለች። ጨርቁ ወፍሮ እስኪያልቅ ድረስ ረገጠች። በማግሥቱ እውነቱ የደረሳቸው መምሬ ጥሩነህ ያልፈቱለትን ፍትሐት ስሙን ሳያሰሙ በቤተ ክርስቲያን ሲያደርሱ፣ እሷ ከሴቶች ጀርባ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች።

ጣልያን ሲወጣ አገሩ በዱር ሞተው ለቀሩበት ሰዎች በወግ ሊያለቅስ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ወጣ። ያለው ፈረሱን ጭኖ፣ የሌለው ተውሶ መጣ። የደምሌ ፈረስ የለም፣ በርኖሱም አፈር ውስጥ ነው። አክስቴ ያንን የይርጋን ፈረስ፣ ቅዳጇ እንደተጣለችበት፣ በሁለት መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ መሀል ገባች። ሰው ይስቃል ብዬ ፈራሁ።

«ለደምሌ ተለቅሶለት የለም ወይ?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ያ ውሸት ነበር፣ አባቴ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ልጄን እንዳይወስዱብኝ የሕያው ለቅሶ ነው ያለቀስኩት።»

ሽማግሌው ከፊቷ ገለል አለላት። አጠገቤ የነበረው ይርጋ ግን ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣ። ጥርሶቹ ወልቀው አዲሶቹ እየበቀሉ ነበር። ፊቱ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«ውሸት ነው? እንግዲያው አባቴ አለ?»

አክስቴ ወደ እኛ መጣች። መሬት ላይ ተንበርክካ ፈረሱን በልጇ እጅ ላይ አስቀመጠችና በጆሮው ነገረችው። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ሌሎቹ ጌታ የሌላቸው ፈረሶች ዳር ቆመው ጠበቁ፤ ይርጋ ያንን ትንሽ ፈረስ ታቅፎ ብቻውን ሜዳውን ዞረ። አባቱን ሁለት ጊዜ የቀበረ ልጅ እሱን አየሁ።

ቅዳሜ ማታ ፌስታሉን መልሼ አነሣሁ። ልጅቷ ፈረስ ካለች ፈረስ ነው፤ የሷ ዕዳ አይደለም። ብቻ ከፈረሱ በፊት ሰውየውን ሰፋሁ። ከቡናማው በርኖስ አለበስኩት፣ ቀጭን እንዳይሆን ሆዱን ደኅና አድርጌ ጠቀጠቅኩት፣ ከኮርቻው ጋር በድርብ ክር አሰርኩት። ልጅቷ ይነቀል እንደሆነ ብላ ሳበችው፤ አልተነቀለም።

«ማን ነው እሱ?» አለችኝ።

«ደምሌ ይባላል።»

«የት እየሄደ ነው?»

«ወደ ቤቱ እየገባ ነው» አልኳት። «ልጁ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው ነው።»