«ሕክምናው አልቋል»

ያ ጸደይ ሪባን በመቁረጥ አለፈ። ሲያትል ውስጥ የምመራው የካንሰር ምርምር ማዕከል አዲስ ሕንፃ ሊያስመርቅ ነው፣ የመድኃኒት ጥናታችን ፈቃድ አግኝቷል፣ በዚያ ላይ የምሥረታ በዓሉ ደርሷል። ለእንግዳ ሁሉ ፈገግ ስል መንጋጋዬ ዝሎ ነበር።

ምረቃው ሲቃረብ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ በዕለቱ የሚታየውን አጭር ፊልም አሳየችኝ። ሰባውን የተሻገሩ የአገሬ ሴት፣ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው የሚደውለውን ደወል እየደወሉ ይስቃሉ። ነርሶቹ ያጨበጭባሉ። ሴትዮዋ በአማርኛ «ተመስገን፣ አለቀልኝ» ይላሉ። ደስ ብሎኝ እንኳን ደስ ያለዎ ልላቸው አሰብኩና አድራሻቸውን ልጠይቅ ሐኪማቸው ጋ ስልክ መታሁ።

ሐኪሙ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። ሕክምናው የቆመው ስላልሠራ ነው። ካንሰሩ ጉበታቸው ደርሷል፤ ከእንግዲህ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የሚደረግላቸው ነገር የለም። ይህን ነግረሃቸዋል ወይ አልኩት። በስልክ አስተርጓሚ ነግሬያቸዋለሁ አለ። እሱ ነገሩን ለማለስለስ ሕክምናውን እዚህ ላይ እናበቃለን ብሎ ኖሯል፤ አስተርጓሚው ደግሞ «ሕክምናው አልቋል» ብሎ አደረሰው። ሴትዮዋም ተነሥተው የሐኪሙን እጅ ሳሙ። እንዲህ ያለ መርዶ የሰማ ሰው እጅ ሲስም አልገረመህም ብዬ ብጠይቀው፣ የባህላችሁ አክብሮት መስሎኝ ነው አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሐኪሙ በአስተርጓሚው፣ ደወሉን ያስደወለቻቸው ነርስ በሐኪሙ፣ ኃላፊዋ በነርሷ አሳበቡ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። ፊልሙ ይውጣ ስል ኃላፊዋ ሌላ ፊት ለመፈለግ ጊዜ የለንም አለችኝ። እኚያን እናት ፊት አለቻቸው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። ፊልሙን አስወጣሁና ሴትዮዋን ወደ ክሊኒኩ አስጠራኋቸው።

ሲያትል አጠገብ ካለችው ከሊንውድ ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ያዘችኝ። «ዶክተር፣ ፕሊዝ እንዳይነግሯት። ሃፒ ሆናለች፤ ለምን ዲስተርብ እናደርጋታለን?» አለችኝ። መርዶ መሸሸግ የእኛም አመል ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሴትዮዋ ለቀሯቸው ወራት የሚያስቡት፣ የሚናዘዙት፣ የሚሰናበቱት አላቸው፤ ያንን ማን ይቀማቸዋል? በእሷም ተናደድኩ።

ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ማለስለሱን ተውኩት።

«እማማ፣ መድኃኒቱ በሽታውን አላሸነፈውም። አልዳኑም» አልኳቸው።

አላለቀሱም። ሐኪሙን ትተው እኔን አዩኝ።

«ስለቴን እኮ አስገብቻለሁ» አሉ። «ለእመቤቴ ጃንጥላ ሰጥቼ ሕዝቡ ሁሉ እልል ብሎልኛል። አሁን እሑድ ምን ብዬ ልግባ፣ ልጄ?»